«ኖር» ያለች ነርስ

ሰው ሲገባ ተነሡ እያልሁ ያሳደግኋቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ሰው ሲገባ አትነሺ ብዬ ያስተማርኋት ግን አንዲት ብቻ ናት። እሷንም ያስተማርኋት አብጄ አይደለም። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ይህን ካልተማረች ሥራ አንሰጣትም ስላሉ ነው። ፊት ለፊት እንዲህ አላሉኝም፤ እኔን የት አውቀውኝ። ነገራቸው ሲጨመቅ የሚወጣው ግን ይኸው ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የምኖረው ደባርቅ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ነው፤ ጽሑፌ አንዳንድ ቦታ ቢንገጫገጭ ያዘልሁት ልጅ እየተወራጨብኝ ነው ብላችሁ እለፉት። ጎረቤቶቼ ነገረኛ ይሉኛል። ነገረኛ አይደለሁም፤ ተራ ሲጓደል ዝም ማለት አልችልም እንጂ። አንድ ጊዜ ዘይት ሲታደል የሊቀ መንበሩ ሚስት ከኋላ መጥታ ከፊት ስትቆም አየሁና፣ በነጠላዋ ጫፍ ይዤ እስከ ሰልፉ ጭራ ሸኘኋት። ዘይቱ እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ። እሷም ጋ አልደረሰም። ያን ሰሞን ወጤ ያለ ዘይት ጣፈጠኝ።

ማስተዋል የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ዛሪማ አግብታ ትኖራለች። ልጂቱ ለትምህርት ስትደርስ «ደባርቅ ትማርልኝ» ብላ በጭነት መኪና ጋቢና አሳፍራ ሰደደችልኝ። ሕፃኗ ሊማሊሞን ሽቅብ ስታስመልስ ወጥታ፣ ከቤቴ ስትደርስ እንደ ጧፍ ገርጥታ ነበር። ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ሄደ። እኔ ከጓዳ ስወጣ፣ እዚያው ቁጭ እንዳለች ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቀን ምንም አላልኋት፤ መንገድ አሟታል። በማግሥቱ ግን ትምህርት ጀመርን።

ትምህርቱ «ኖር» ነው። የዛሬ ልጅ ረስቶት ይሆናል እንጂ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። የገባውም «በእግዜር፣ አይነሡ» ይላል። አይነሡ የሚለው ሰው ቀድሞ ስለተነሣለት ነው፤ ሰው ሳይነሣለት አይነሡ ያለ አዛውንት አይቼ አላውቅም። ማስተዋል ይህን ቶሎ ያዘች። ኋላማ የሚገባውን ሳታይ በኮቴው ብቻ መነሣት ጀመረች። በጉንፋን ተኝታ እንኳ የእኔን ሳል ከደጅ ስትሰማ ብርድ ልብሱ ብቻውን ሲቆም ታዩታላችሁ።

አድጋ ነርስ ሆነች። ከከተማ ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ከጃናሞራ ወገን በሽተኛ በቃሬዛ ተይዞ ሲመጣ፣ ከተሸካሚዎቹ መካከል ሽማግሌ ካለ መጀመሪያ «ኖር» ብላ፣ ከዚያ በሽተኛውን ትቀበላለች።

አለቃዋ «ሲስተር፣ እዚህ እኮ ለቅሶ ቤት አይደለም» ቢላት፣ «ጉልበቴ ነው፤ እኔን አያማክረኝም» አለችው።

ለምን መሄድ ፈለገች ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በደመወዝ ኖሮ የማያውቅ ነው። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኑሮው ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ ታች ሳይመለስ፣ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ወጡ። እሷም ማዶ አገር አንድ መጦሪያ ቤት ሥራ አገኘች። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ፈቃዷን መልሰው እንዳይነጥቋት እፈራለሁ።

«መጦሪያው የማን ነው?» አልኋት።

«የሽማግሎችና የአሮጊቶች ነው፣ እምዬ። የሚጦራቸው ሰው ጠፍቶ ነው ከሩቅ የሚፈልጉት።»

ይህን ነገር በጣታችሁ ቋጠሮ ያዙልኝ። ኋላ እፈታዋለሁ።

ሥራውን ካገኘች በኋላ ፈቃድ የሚባለው መጣ። ነርስ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት አምጪ አሏት፤ አመጣች። ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አሏት፤ አመጣች። ያንን ያረጋገጠው ሰው ማረጋገጥ የሚችል መሆኑን የሚያሳይ ሌላ አሏት። በዚህ ዓይነት አዳም ድረስ ሊወስዷት ነው ብዬ ፈራሁ። አዳም ደግሞ ማኅተም የለውም።

ወረቀቱ ሲያልቅ እንግሊዝኛ ትፈተን ተባለ።

«ነርስነቱን የተማርሽው በምን ነበር?» አልኋት።

«በእንግሊዝኛ።»

«የዚያን ጊዜ የተፈተንሽው?»

«በእንግሊዝኛ።»

«ታዲያ አሁን የሚፈትኑሽ በምን ሊሆን ነው?»

«እምዬ፣ እባክዎን ተዉት።»

ተውሁት። አልተውሁትም፤ ግን ዝም አልሁ። ፈተናው ከቤት ሆና በኮምፒውተር የምትፈተነው ነው። በኮምፒውተሩ መስኮት ውስጥ አንድ ሰው ይመጣል፤ ሰውየው ጤነኛ ነው፣ ግን የታመመ ይመስላል። እሷ ታጽናናዋለች። እውነተኛው በሽተኛ ጤና ጣቢያው ደጅ ተሰልፎ፣ ልጂቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ለውሸተኛው ልትጨነቅ!

ሕጉ ብዙ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም እንዳይኖር። ድምፅ እንዳይሰማ። ከወንበሯ እንዳትነሣ፣ ከመስኮቱም እንዳትወጣ። «ገንዘው ያስቀምጡሽ እንግዲያ» አልኋት። ሳቀች። ያን ቀን ከሳቀችው ሳቅ የመጨረሻው እሱ ነበር።

የፈተናው ቀን ጠዋት ተነሥቼ ዘብ ሆንሁ። ዶሮዎቹን ወደ ጎረቤት ነዳኋቸው። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄጄ ባለወፍጮውን «የልጄ እንጀራ ነውና ትንሽ አቁምልኝ» ብዬ ለመንሁት። እህል ተሸክሞ የተሰለፈው ሕዝብ በእኔ ምክንያት ቆመ። የሰው ተራ ስታስከብር የኖረች አሮጊት የሰው ተራ አስቆመች። የዘይቷ ሴትዮም ከሰልፉ ውስጥ ነበረች፤ እኔን ስታይ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

ስመለስ ማስተዋልን ሥዕለ ማርያምን ታቅፋ ከበር አገኘኋት። ፈታኙ ቤቱን በመስኮቱ ዙሪያውን አሳዪኝ ብሏት፣ ከሥዕሉ ግርጌ የግእዝ ጽሕፈት ቢያይ አውርጂው አላት አሉ። መልስ እንዳይሆን ነው። እመቤታችን ስታስኮርጅ!

ሥዕሏን ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ደጃፍ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። በሩ ተዘጋ። ማስተዋል በውስጥ እንግሊዝኛዋን ጀመረች። ድምፁ ሲያምር! ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ገባኝ፤ ሕመምተኛን ስታባብል የምትለው ዜማ ነው።

በዚህ መካከል የንስሐ አባታችን መምሬ ተገኘ ጠበላቸውን በጆግ፣ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው ከተፍ አሉ። ቤት ሊረጩ ነው። መምሬ በዕድሜ ላዝላቸው የምችላቸው ናቸው፤ ግን ቄስ ናቸውና «ልጄ» ይሉኛል።

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ቤቱ ተቃጠለ?»

«ኧረ አባቴ፣ ቀስ ይበሉ። ማስተዋል ፈተና ላይ ናት።»

«እንግዲያማ ጠበሉ ለዛሬ ነው የሚያስፈልጋት።»

«ሰው አይግባ ተብሏል።»

መምሬ ሥዕሏን አዩ፤ እኔን አዩ። «ሥዕሏን ከቤት አውጥተሽ፣ ጠበሉን ከደጅ ልትመልሺ? ልጂቱን ለማን ትተሻት ነው?»

እስቲ ፍረዱኝ። ይህን የሚመልስ አፍ ያለው ይምጣ። ደግሞም በልቤ አሰብሁ፤ ሰው አይግባ ነው ያሉት፣ ጠበል አይግባ አላሉም። ጠበሉ ደግሞ በእግሩ አይሄድ። በሩን ገፋሁት።

ማስተዋል ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ አንድ መላጣ ሰውዬ ሆዱን ይዞ ያቃስታል። ዘወር አለችና መስቀሉን አየች።

«ኖር!»

ተነሣች። መነሣት ብቻ አይደለም፤ ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች። ሰውየው በመስኮቱ የሚያየው ወንበር ብቻ ሆነ።

«በእግዜር፣ ተቀመጪ ልጄ» አሉ መምሬ። ከዚያ ሰውየውን አዩት። «ይኸ ምስኪን ምን ሆኗል?»

«ሆዱን ነው መሰለኝ» አልሁ።

«አባቴ፣ እምዬ፣ በእግዚአብሔር!» አለች ማስተዋል በሹክሹክታ።

መምሬ የእግዚአብሔርን ስም ሲሰሙ ይበልጥ ቸኮሉ። «እግዚአብሔር ይማርህ፣ ወንድሜ» ብለው በጆጉ ጠበል ፊቱን መቱት። ጠበሉ ያረፈው በእርግጥ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ እሱም ከአንድ አስተማሪ የተዋሰችው ነው። ነገር ግን እመኑኝ፣ ሰውየው ሆዱን ለቀቀ። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። በዚያች ቅጽበት ድኗል። መምሬ እስከ ዛሬ ከፈወሷቸው መካከል ይቆጥሩታል።

መስኮቱ ጠቆረ፣ ጽሕፈት መጣ።

«ምን ይላል?» አልሁ።

ማስተዋል እጇን አፏ ላይ ጭና አነበበችው። «ሌላ ሰው ገብቷል። ተፈታኟ ቦታዋን ትታ ተነሥታለች። ፈተናው ተሰርዟል።»

«መምሬ መልስ ሊነግሩሽ ኖሯል?»

«እንደዚያ ነው የጠረጠሩት።»

«በእንግሊዝኛ?» አሉ መምሬ። ደንግጠው ነበር፤ ግን በድንጋጤው ውስጥ ትንሽ ደስታ አየሁባቸው። ከዚያ ወዲህ በደብሩ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ቄስ ናቸው ተብሎ ይወራል፤ እሳቸውም አጥብቀው አላስተባበሉም።

አሁን ቋጠሮውን ፍቱት። ሰዎቹ አዛውንት የሚጦርላቸው ሰው አጥተው ዓለምን ያስሳሉ። ሲያስሱ አዛውንት ሲገባ ጉልበቷ ሳያማክራት የሚነሣ ልጅ አገኙ። የጣሏት ለምንድን ነው? ስለተነሣች ነው። እኔ በዕድሜዬ ያላየሁት ዳኝነት የለም፤ በሬ የነዳ ተለቆ በሬው ሲታሰርም አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን አላየሁም።

ይግባኝ አልሁ። ማስተዋል «እምዬ፣ ከንቱ ነው» አለች፤ እኔ ግን እየነገርኋት ጻፈች። «ልጂቱ የተነሣችው ቄስ ገብተው ነው። ቄሱን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ እኔን ጠይቁ። እናንተስ አገር እናታችሁ ስትገባ ምን ታደርጋላችሁ? ተቀምጣችሁ ታዩዋታላችሁ?» መምሬ የደብሩን ማኅተም እንምታበት ብለው ነበር፤ ማስተዋል ኮምፒውተር ላይ ማኅተም አይመታም ብላ በስንት ልመና አስተወቻቸው።

መልሱ ወዲያው መጣ፤ በፍጥነቱ ደስ ብሎኝ ነበር። «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ትዕግሥት ማን ሰጣቸው? ከዚያ ውሳኔው የመጨረሻ ነው፣ ድጋሚ መመዝገብ ይቻላል ይላል። ከታች የሰው ስም የለበትም። ስም የሌለውን ሰው በማን ፊት ትከሱታላችሁ? ሊቀ መንበሩ እንኳ ቢበድል ስም ነበረው፤ ሚስቱም ነጠላ ነበራት።

ማስተዋል ለጥቂት ቀናት ሥራ ደርሳ ስትመለስ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ትቀመጣለች። መጦሪያ ቤቱ ቦታውን ብዙ አንጠብቅልሽም ብሏታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ከደጅ ስገባ፣ ተነሥታ «ኖር» አለችና ያው እንደ ቆመች ማልቀስ ጀመረች።

«እምዬ፣ ደግሜ ብፈተንም እነሣለሁ። የበሩን ድምፅ ስሰማ ጉልበቴ ይነሣብኛል። አያድርስ እንጂ፣ ውሻ ቢገባም ልነሣ እችላለሁ።»

ያን ጊዜ ቆረጥሁ። የእኔን ሕግ የሚሰማ ከሌለ፣ የእነሱን ሕግ ከእነሱ አብልጬ አስተምራታለሁ።

«ተቀመጪ» አልኋት። «ወጥቼ እገባለሁ። እንዳትነሺ።»

ወጥቼ ገባሁ፤ ተነሣች። ወጥቼ ገባሁ፤ ግማሽ ድረስ ተነሥታ ቆመች፣ ልክ የምትጥል ዶሮ መስላ። ተቆጣሁ። መቀነቴን ፈትቼ ወገቧን ከወንበሩ ጋር አሰርሁት። መምሬንም አስጠራኋቸው፤ ጥፋቱ የጋራ ነውና ልፋቱም የጋራ ይሁን። መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገቡ።

«ኖር!» ከነወንበሯ ተነሣች። ወንበሩ ከጀርባዋ እንደ ቀፎ ተንጠለጠለ።

«በእግዜር፣ ልጄ» አሉ መምሬ ተደናግጠው፣ «ቢያንስ ወንበሩን ተይው!»

እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ መምሬም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ስንስቅ ግን አንዳችን ያንዳችንን ዓይን አላየንም። የምንሠራውን አውቀነዋል።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ስገባ እጇ የወንበሩን ጠርዝ ይይዛል፤ ጅማቷ ይገተራል፤ ላብ ያጠምቃታል። «እንግሊዝኛው ከዚህ ይቀላል» ትለኛለች። በመካከሉ አንድ ቀን የእድራችን ዳኛ አያ ፈንታሁን ለሌላ ጉዳይ ድንገት ገቡ። ልምምድ ላይ መሆናችንን የነገራቸው የለም። ማስተዋል አየቻቸው። ወንበሩን ያዘች። ከንፈሯ ነጣ። አልተነሣችም።

«አልተነሣሁም!» ብላ ጮኸች በደስታ። «እምዬ፣ አልተነሣሁም!»

አያ ፈንታሁን ቆመው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የማስተዋል አያት፣ ልጅሽ ገና አውሮፕላኑን ሳታይ ፈረንጅ ሆነች። ይሁን። እኛም ለቅሶሽ ላይ ተቀምጠን እናያለን» ብለው ወጡ። ሽማግሌ ልኬ ነገሩን አስረዳሁ። «ሰው አለመነሣትን ያጠናል?» አሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አያነሡልኝም።

ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ሥዕሏ ወረደች፤ ዶሮዎቹ ተነዱ። ወፍጮውን ግን አላስቆምሁም፤ የሰው ተራ ሁለት ጊዜ አልበላም። በሩን ከውጭ ቆልፌ ቁልፉን በጉያዬ ከተትሁ። መምሬ ማዶ ቆመው ከሩቅ ብቻ ባረኩ። የዛሬው የውሸት በሽተኛ ሴት ነበረች አሉ፤ የወደቀች አሮጊት መስላ የምትጨነቅ። ማስተዋል በስሟ እየጠራች ታጽናናታለች። እዚያ አገር አሮጊትን በስሟ መጥራት አክብሮት ነው ተብላ ተምራለች። ይህንንም ዋጥሁት፤ ጉሮሮዬ ያን ሰሞን ሰፍቶ ነበር።

ሲበቃ «እምዬ፣ ጨርሻለሁ» አለች ከውስጥ።

በሩን ከፈትሁ። በአንድ እጄ ሥዕሏን፣ በአንድ እጄ የእርጎ ቅል ይዤ ገባሁ። ማስተዋል ወንበሩ ላይ ነች። ቀና ብላ አየችኝ። «ጥሩ ነበር፣ እምዬ። የማልፍ ይመስለኛል» አለች። ፊቷ ፈክቷል። እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ ወንበሩን አልያዘም። ጅማቷ አልተገተረም።

አልተነሣችም። መታገልም አላስፈለጋት።

እኔ እርጎውን እንደያዝሁ ቆምሁ። እሷም ያን ጊዜ ልብ አለች፤ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ልትነሣ ብድግ ስትል ቅሉን አስቀምጬ ትከሻዋን ተጫንሁት።

«ተቀመጪ። አልፈሻል።»

«እምዬ፣ ሳላውቀው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። አውቀሽው ቢሆን ኖሮ ገና ነሽ እልሽ ነበር።»

የፈታኞቹ ውጤት ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣ፤ ማለፏን ነገሩን። እኔ ሰምቼዋለሁ አልሁ።

ሄደች። እዚያም እንደ ደረሰች ወዲያው ነርስ አላደረጓትም፤ ገና በሌላ ነርስ ዓይን ሥር ሆና የምታሳየው አለ። አልጋ ታነጥፋለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። በቀደም ስትደውል አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«እነዚያ አዛውንቶች ሲገቡ ትነሻለሽ ወይስ ትቀመጫለሽ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ ስታዛውር ሰማሁ።

«እምዬ» አለች ኋላ፣ «እነሱ አይገቡም። ከአልጋ አይወርዱም። የምገባው እኔ ነኝ።»

ያን ሁሉ ወጥቼ የገባሁት፣ መቀነቴን የፈታሁት፣ አያ ፈንታሁንን ያስቀየምሁት፣ ማንም ለማይገባበት ቤት ኖሯል። ይግባኝ ልል ነበር፤ የሚሰማው ሰው ስም የለውም።

አሁን ከገበያ ስመለስ፣ ሳሌን አሰምቼ ነው የምገባው፤ ልማድ ነው። ወንበሩ ከቦታው አለ፤ መቀነቱ የፋቀው ምልክት መደገፊያው ላይ ይታያል። ቆሜ አየዋለሁ። እሱም እሷ ካልተሸከመችው አይነሣም።